ተራ አስከባሪው ኮምፒዩተር
ስለ ወረፋ ሕግና ሥራን በሰርቨሮች መካከል ስለ ማካፈል

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ የሚሆንበት ሰዓት ሲደርስ በመላ ሀገሪቱ ያሉ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ወደ አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ይጣደፋሉ። የመለያ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ቁልፉ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ገጹ ወዲያው ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ደቂቃዎች ያልፉና በመጨረሻ ባዶ ገጽ ወይም የስህተት መልእክት ይመጣል። አንድ አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር ሠርቶ እጅግ በሚፈለግበት በዚያ አንድ ቀን መውደቁ እንቆቅልሽ ይመስላል። ብዙዎቻችንም «ኔትወርክ የለም» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለም ገጹ ሊጠፋ ይችላል። ምክንያቱም በመስመሩ መጨረሻ ወረፋ አለ፤ ወረፋ ደግሞ እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ክስተት የራሱ ሕግ አለው።

በዚህ ጽሑፍ ያ ሕግ ምን እንደሚል፣ ሥራን በብዙ ሰርቨሮች መካከል የሚያካፍለው ሎድ ባላንሰር (ከዚህ በኋላ «ጭነት አከፋፋይ» የምንለው) እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዲሁም ሲተከልና ሲመራ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው እንመለከታለን። ስሌቶቹን ለመከታተል የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በቂ ነው።

ወረፋ ለምን በድንገት ይረዝማል?

እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ደዋዮች ሳይመካከሩ እያንዳንዳቸው በፈለጉት ሰዓት የሚደውሉ ከሆነ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ጥሪ ይመጣል? ኤርላንግ የጥሪዎቹ ብዛት ፖይሰን የተባለውን የዕድል ሥርጭት እንደሚከተል አሳየ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1910 ዓ.ም.፣ ራዘርፎርድና ጋይገር ከሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶችን ቆጥረው ያንኑ ሥርጭት አገኙ። ስልክ የሚደውለውን ሰውና የሚፈራርሰውን አቶም የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር አንዱ የሌላውን ሰዓት አለማወቁ ነው።

የዚህ ሥርጭት ዋና ባሕርይ መዋዠቅ ነው። በሰከንድ በአማካይ 100 ጥያቄ የሚመጣ ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር በየሰከንዱ 100 አይሆንም፤ የ100 ስኩዌር ሩት በሆነው በ10 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። አማካዩ 10,000 ሲሆን መዋዠቁ 100 ያህል ነው። ስለዚህ መዋዠቁ በመጀመሪያው ሁኔታ 10 ከመቶ፣ በሁለተኛው ግን 1 ከመቶ ብቻ ይሆናል። ብዙ ትናንሽ ፍሰቶችን አንድ ላይ ማሰባሰብ ፍሰቱን ያረጋጋል ማለት ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደፊት ይጠቅመናል።

አሁን አንድ ጥያቄ ለመመለስ በአማካይ 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ሰርቨር እናስብ። ይህ ሰርቨር በሰከንድ ቢበዛ 100 ጥያቄዎችን ያስተናግዳል። በሰከንድ 50 ጥያቄ ቢመጣ ወረፋ የማይኖር ይመስላል፤ የመጣው ከአቅሙ ግማሽ ብቻ ነውና። ነገር ግን ጥያቄዎቹ እኩል ተራርቀው አይመጡም። አንዳንዴ ሦስትና አራት ተከታትለው ይደርሳሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰርቨሩ ሥራ ይፈታል። ባዶ ሆኖ ያለፈው ጊዜ ተቆጥቦ ለኋላ አይቀመጥም። ወረፋ የሚወለደው ከዚህ ነው። ጥያቄዎቹ በፖይሰን ሥርጭት የሚመጡ፣ የአገልግሎቱም ጊዜ በኤክስፖኔንሻል ሥርጭት የሚለዋወጥ ከሆነ አንድ ጥያቄ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ እንዲህ ይሰላል፦

ጠቅላላ ቆይታ = የአገልግሎት ጊዜ ÷ (1 − ጫና)

ጫና ማለት የሚመጣው ሥራ ለሰርቨሩ አቅም ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በቀመሩ መሠረት ጫናው 50 ከመቶ ሲሆን ቆይታው 20 ሚሊሰከንድ ነው። 80 ከመቶ ሲሆን 50፣ 90 ከመቶ ሲሆን 100፣ 99 ከመቶ ሲሆን ደግሞ 1,000 ሚሊሰከንድ ማለትም አንድ ሙሉ ሰከንድ ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ልብ ይሏል። በሰከንድ ይመጡ የነበሩት ጥያቄዎች ከ90 ወደ 99 አደጉ፤ ሥራው የጨመረው በ10 ከመቶ ብቻ ነው፤ ጥበቃው ግን 10 እጥፍ ሆነ። ጫናው 100 ከመቶ ሲደርስ የቀመሩ ታችኛው ክፍል ዜሮ ስለሚሆን ቆይታው ወሰን ያጣል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አንድ ነው። ጥበቃ ከጫና ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ በድንገት ይወረወራል። ዓመቱን ሙሉ በ5 ከመቶ ጫና ሲሠራ የነበረ ሰርቨር ያለ ችግር መሥራቱ ለዚያ አንድ ቀን ምንም ዋስትና አይሆነውም።

ብዙ ሰርቨር፣ አንድ በር

በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት ተማሪዎች ከ840,000 በላይ ነበሩ። ለስሌት እንዲመቸን 840,000 ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ውጤታቸውን ይጠይቃሉ ብለን እናስብ። ይህም በሰከንድ 233 ጥያቄ ያህል ይሆናል። ከላይ የገለጽነው ዓይነት አንድ ሰርቨር በሰከንድ ከ100 በላይ ስለማይችል አንዱም ሁለቱም አይበቁም፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ። ታዲያ ተማሪው የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ሆኖ ሳለ ከሦስቱ ወደ የትኛው ይሄዳል?

ከቀደምት መልሶች አንዱ የተገኘው በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ብሔራዊ የሱፐር ኮምፒዩተር ማዕከል ነው። ሞዛይክ የተባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ በ1993 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ማዕከል የራሱ ድረ ገጽ በጎብኚ በመጨናነቁ በ1994 ዓ.ም. አንድ ብልሃት ሥራ ላይ አዋለ። የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ለመጀመሪያው ጠያቂ የአንደኛውን ሰርቨር፣ ለሁለተኛው የሁለተኛውን እያለ በየተራ እንዲመልስ አደረጉት። ዘዴው ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ በመካከል ያሉ ኮምፒዩተሮች ያገኙትን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስቀምጡ ክፍፍሉ እኩል አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከሰርቨሮቹ አንዱ ቢሞት የሟቹ አድራሻ መታደሉ ይቀጥላል።

ጭነት አከፋፋይ ይህን ለማረም በሰርቨሮቹ ፊት ይቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ መነሻዎች የሚቆመውን ተራ አስከባሪ እናስታውስ። ተራ አስከባሪው ታክሲ አይነዳም፤ መንገደኛም አያጓጉዝም። የትኛው ታክሲ እንደሞላ፣ የትኛው እንደሚቀጥል፣ የትኛው ጎማው እንደፈነዳ ያያል፤ በዚያም መሠረት መንገደኛውን ይመራል። ጭነት አከፋፋይም እንዲሁ ነው። ለውጭው ዓለም የሚታየው የእርሱ አንድ አድራሻ ብቻ ሲሆን ከበስተጀርባው ያሉት ሰርቨሮች ቢበዙም ቢያንሱም ጠያቂው አያውቅም።

አከፋፋዮች በሁለት ደረጃ ይሠራሉ። በአራተኛው የኔትወርክ ደረጃ የሚሠራው እንደ ፖስታ ሠራተኛ በፖስታው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ብቻ አንብቦ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ፈጣን ነው። በሰባተኛው ደረጃ የሚሠራው ግን ፖስታውን ከፍቶ ደብዳቤውን ያነባል። ሥዕል የሚጠይቀውን ወደ አንዱ፣ ውጤት የሚጠይቀውን ወደ ሌላው መለየት ይችላል፤ በምትኩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ይበልጣል። ለዚህ ሥራ የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ዌንሶንግ ዣንግ የጀመረው የሊኑክስ ቨርቹዋል ሰርቨር፣ በ2001 ዓ.ም. በዊሊ ታሮ የተሠራው ኤችኤፕሮክሲ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢጎር ሲሶየቭ ለሕዝብ ያቀረበው ኤንጂንኤክስ ምንጫቸው ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ናቸው። በተራ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠሩ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሊሞክራቸው ይችላል።

ማን ወደ የት ይላክ?

የመጀመሪያው ዘዴ ዙር መጠበቅ ነው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና አንደኛ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ሥራ የሚጠይቁ፣ ሰርቨሮቹም እኩል አቅም ያላቸው ከሆነ ይህ በቂ ነው። ካልሆነ ግን ከባድ ጥያቄ የደረሰው ሰርቨር ሳይጨርስ ሌላ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ዘዴ በዚያ ቅጽበት ጥቂት ያልተጠናቀቁ ጥያቄዎች ወዳሉት ሰርቨር መላክ ነው። ጥቅሙን ለመረዳት በባንክ የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ለምን እንደሆነ እናስብ። ሁለት መስኮቶች የየራሳቸው ሰልፍ ቢኖራቸው አንዱ ባዶ ሆኖ ሳለ በሌላው ሰው ሊቆም ይችላል። ሰልፉ አንድ ሲሆን ግን ሰው እያለ ሥራ የሚፈታ መስኮት አይኖርም። በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ሁለት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው በ90 ከመቶ ጫና የየራሳቸውን ወረፋ ሲያስተናግዱ ቆይታው 100 ሚሊሰከንድ ነበር። ወረፋው አንድ ቢሆን ቆይታው ወደ 53 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ሰርቨሮቹ ያው ናቸው፤ ሥራውም ያው ነው፤ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው። ቀደም ሲል ፍሰቶችን ማሰባሰብ መዋዠቅን ይቀንሳል ያልነው እዚህ ላይ ፍሬውን ያሳያል።

ሰርቨሮቹ በመቶዎች፣ አከፋፋዮቹም ብዙ ሲሆኑ ግን የሁሉንም ሁኔታ በየቅጽበቱ ማወቅ ያስቸግራል። ሁሉም አከፋፋዮች «ዝቅተኛ ጫና ያለው ይህ ነው» ብለው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ቢያጎርፉ ያ ሰርቨር ወዲያው ይጨናነቃል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በቀላልነቱ ያስደንቃል፦ ሁለት ሰርቨሮችን በዕጣ ምረጥ፤ ከሁለቱ ጫናው ወደሚያንሰው ላክ። አዛር፣ ብሮደር፣ ካርሊንና ኡፕፋል እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የዚህን ዘዴ ኃይል በሒሳብ አረጋገጡ፤ ማይክል ሚትዘንማከርም በ1996 ዓ.ም. በዶክትሬት ጥናቱ አስፋፋው። 1,000,000 ኳሶችን ወደ 1,000,000 ቅርጫቶች በዕጣ ብንጥል እጅግ በሞላው ቅርጫት ውስጥ 8 ወይም 9 ኳሶች እናገኛለን። ለእያንዳንዱ ኳስ ሁለት ቅርጫቶችን በዕጣ አይተን ባነሰው ብንጨምር ግን ከፍተኛው ቁጥር 4 ገደማ ይሆናል። አንዲት ተጨማሪ ምርጫ ብቻ ልዩነቱን በእጅጉ ታጠባለች። ኤንጂንኤክስም ይህን ዘዴ በ2018 ዓ.ም. አካቷል።

አንዱ ሲወድቅ

እስካሁን ሰርቨሮቹ ሁሉ ጤነኞች ናቸው ብለናል። ነገር ግን የጭነት አከፋፋይ እውነተኛ ፈተና አንዱ ሲወድቅ ነው። ወደ 233ቱ ጥያቄዎች እንመለስ።

ሦስት ሰርቨሮች ብንተክል እያንዳንዱ በ78 ከመቶ ጫና ይሠራል፤ ቆይታውም 45 ሚሊሰከንድ ነው። ማንም ቅሬታ አያሰማም። አንዱ ሰርቨር ቢጠፋ ግን 233 ጥያቄ 200 ብቻ በሚችሉ ሁለት ሰርቨሮች ላይ ያርፋል። በየሰከንዱ 33 ጥያቄዎች ይተርፋሉ። በአንድ ደቂቃ 2,000 ጥያቄ ይከማቻል፤ ያን ጊዜ የሚመጣ ተማሪ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ደግሞ 100 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህም ቢሆን ተማሪው በትዕግሥት ከጠበቀ ነው። ተማሪው ግን አይጠብቅም፤ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ሰርቨሩ የመጀመሪያው ጥያቄ እንደተተወ ሳያውቅ ለሁለቱም ይደክማል። ስለዚህ ፍሰቱ ከ233 በላይ ይሆናል፤ ከሚሠራው ሥራ ውስጥም ማንም የማይቀበለው መልስ እየበዛ ይሄዳል። የወደቀው ሰርቨር ቢመለስ እንኳ የተከማቸው ወረፋና የድጋሚ ጥያቄው ብዛት ሥርዓቱን ደፍቆ ሊያስቀረው ይችላል።

አራት ሰርቨሮች ብንተክልስ? እያንዳንዱ በ58 ከመቶ ጫና ይሠራል፤ ቆይታው 24 ሚሊሰከንድ ነው። አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ሦስቱ በ78 ከመቶ ይቀጥላሉ፤ ቆይታው 45 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ተማሪው ልዩነቱን ጨርሶ አያስተውልም። በደህናው ጊዜ አራተኛው ሰርቨር ያተረፈልን 21 ሚሊሰከንድ ብቻ በመሆኑ ብክነት ይመስላል። በክፉው ጊዜ ግን በ45 ሚሊሰከንድና በውድቀት መካከል ያለው ልዩነት እርሱ ነው። በመሆኑም የሰርቨሮች ቁጥር የሚወሰነው «ሁሉም ሲሠሩ ይበቃል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ሳይሆን «አንዱ ሲጎድል ይበቃል ወይ?» በሚለው ነው።

በተጨባጭ ተማሪዎች በሰዓቱ ውስጥ እኩል ተሰራጭተው አይመጡም። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቢመጡ ፍሰቱ በሰከንድ 700 ይደርሳል። በዚያ ስሌት 10 ሰርቨሮች በ70 ከመቶ ጫና ይሠራሉ፤ አንዱ ቢወድቅ 9ኙ በ78 ከመቶ ይሸከማሉ።

አቅሙ ጨርሶ የማይበቃበት ጊዜ ሲመጣም ምርጫ አለ። በሁለት ሰርቨሮች ላይ 233 ጥያቄ ሲያርፍ ቢያንስ ከ7ቱ አንዱን ወዲያውኑ «እባክዎ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይሞክሩ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ይህ ለተመለሰው ሰው ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ሌሎቹ ስድስቱ መልሳቸውን ያገኛሉ። ሁሉንም ለመቀበል መሞከር ሁሉንም ማሳጣት ነው። የሚመለሰው ሰውም የሚጠብቅበት ጊዜ ከሌሎቹ የተለያየ እንዲሆን በዕጣ መወሰን ይገባል፤ አለበለዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። በኤተርኔት ኔትወርክ ላይ መልእክቶች ሲጋጩ የሚደረገውም ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በዕጣ የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል፤ እንደገና ቢጋጭ የዕጣው ክልል እጥፍ ይሆናል።

ጤንነትን መጠየቅ

አከፋፋዩ አንድ ሰርቨር መሞቱን የሚያውቀው እየጠየቀ ነው። በኤችኤፕሮክሲ የተለመደው አሠራር በየ2 ሰከንዱ መጠየቅ፣ በተከታታይ 3 ጊዜ መልስ ካልተገኘ ሰርቨሩን ከተራ ማስወጣት፣ 2 ጊዜ በተከታታይ ሲመልስ ደግሞ መመለስ ነው። ስለዚህ ሞቱ እስኪታወቅ 6 ሰከንድ ያህል ያልፋል። ከአራቱ ሰርቨሮች አንዱ ቢወድቅ በሰከንድ 58 ጥያቄ ስለሚደርሰው በእነዚያ 6 ሰከንዶች ውስጥ ወደ 350 ጥያቄዎች ወደ ሙት ሰርቨር ይላካሉ። የጥያቄውን ልዩነት ማሳጠር ይቻላል፤ ነገር ግን እጅግ ካጠረ ለአፍታ የዘገየ ጤነኛ ሰርቨር እንደ ሙት ተቆጥሮ ይወጣል፤ ሥራውም በሌሎቹ ላይ ይጫናል። እነርሱም ይዘገዩና በተራቸው ይወጣሉ።

የምርመራው ጥልቀትም ያሳስባል። «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የሰርቨሩ ፕሮግራም እየሠራ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ግን የተቋረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰርቨር ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሳይደክም በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ የስህተት መልእክት ይመልሳል። ቶሎ ስለሚጨርስ ያልተጠናቀቁ ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው። አከፋፋዩ ደግሞ ጥቂት ወዳለው እንዲልክ ታዟል። ውጤቱም አስገራሚ ነው፦ የታመመው ሰርቨር ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ጥያቄ ይሳብና ሁሉንም በስህተት ይመልሳል። ከአራት ሰርቨሮች የአንዱ መታመም ከሩብ ያነሰ ጉዳት ሳይሆን ከሩብ እጅግ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ምርመራው እውነተኛውን ሥራ የሚመስል ጥያቄ ማቅረብ አለበት፤ የተመለሰው መልስም ትክክል መሆኑ መታየት ይኖርበታል።

ትዝታ ያላቸው ሰርቨሮች

አንዳንድ አገልግሎት ያንኑ ደንበኛ ወደ ያው ሰርቨር መላክን ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ሰርቨሩ የደንበኛውን መረጃ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ይዞ ሲገኝ። ቀላሉ መንገድ የደንበኛውን መለያ ቁጥር በሰርቨሮቹ ብዛት አካፍሎ በቀሪው መመደብ ነው። 10 ሰርቨሮች ካሉ ቀሪው የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ሰርቨር ወድቆ 9 ሲቀሩ ማካፈያው ይለወጣል፤ ከ10 ደንበኞች 9ኙ ወደ አዲስ ሰርቨር ይዛወራሉ። ትዝታው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከንቱ ይሆናል።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ዴቪድ ካርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ያቀረቡት መፍትሔ ሰርቨሮቹንም ደንበኞቹንም በአንድ ክብ ዙሪያ በዕጣ ቦታ መመደብ ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ በክቡ ላይ ወደፊት ሲሄድ መጀመሪያ ወደሚያገኘው ሰርቨር ይመደባል። አንድ ሰርቨር ሲጠፋ የሚዛወሩት የእርሱ ደንበኞች ብቻ ናቸው፤ ማለትም በአማካይ ከ10 አንዱ። 90 ከመቶው መናወጡ ቀርቶ 10 ከመቶ ብቻ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰርቨር በክቡ ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ ቦታዎች ቢሰጠው የጠፋው ሰርቨር ሥራ በአንድ ጎረቤት ላይ ሳይወድቅ ለሁሉም ይበተናል።

ከተራ አስከባሪው ባሻገር

ሁሉም ጥያቄ በአንድ አከፋፋይ በኩል የሚያልፍ ከሆነ እርሱ ራሱ ቢወድቅስ? ለዚህ ሁለት አከፋፋዮች ይተከላሉ፤ አድራሻቸው ግን አንድ ነው። አንዱ ይሠራል፤ በየሰከንዱም «አለሁ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ሌላው እየሰማ ይቆያል። ሦስት ያህል መልእክቶች ሳይሰማ ከቀረ አድራሻውን ተረክቦ ሥራውን ይቀጥላል። ቪአርአርፒ የተባለው ፕሮቶኮል ይህን ሥርዓት የሚደነግግ ሲሆን የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል።

አከፋፋዩ የማይፈታው ችግርም አለ። አራቱም ሰርቨሮች መልሱን የሚያገኙት ከአንድ ዳታቤዝ ከሆነ ወረፋው ከፊት በር ወደ ጓዳ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ድረ ገጽ ሲከፈት ካጋጠሙት እክሎች አንዱ እንዲህ ያለ ማነቆ ነበር። ማንኛውም ሰው መድኖቹን ከማነጻጸሩ በፊት መለያ መክፈት ነበረበት፤ የማንነት ማረጋገጫው ክፍል ደግሞ የመጣውን ሕዝብ መሸከም አልቻለም። ሁሉም በአንድ ጠባብ በር እንዲያልፍ ከተገደደ ግቢው ቢሰፋ አይረዳም።

ስለዚህ ሰርቨር ከመጨመር በፊት የአገልግሎት ጊዜን ማሳጠር ይታሰብ። የፈተና ውጤት አንዴ ይፋ ከሆነ በኋላ በየደቂቃው አይለወጥም። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በማኅደረ ትውስታ ቢቀመጥና መልሱ በ10 ሳይሆን በ1 ሚሊሰከንድ ቢሰጥ አንዱ ሰርቨር የ10 ሰርቨሮችን ሥራ ይሠራል።

በሥራ ላይ ያለ አከፋፋይን የሚመራ ባለሙያ በየዕለቱ ሦስት ነገሮችን ሊያደርግ ይገባል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ሰርቨር ጫናና ቆይታ መመዝገብ፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን እጅግ የዘገዩትንም ማየት ያሻል። ጆን ሊትል በ1961 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ እዚህ ላይ ይረዳል፦ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ብዛት ከፍሰቱና ከቆይታው ብዜት ጋር እኩል ነው። 233 ጥያቄ በ24 ሚሊሰከንድ ሲባዛ ወደ 6 ይመጣል። በመለኪያው ላይ 6 ሳይሆን 600 ከታየ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰርቨርን ለጥገና ሲያወጡ በድንገት አለማጥፋት፤ አዲስ ጥያቄ እንዳይላክለት አድርጎ የጀመረውን እስኪጨርስ መጠበቅ። ሦስተኛ፣ ከታላቁ ቀን በፊት ሆነ ብሎ አንዱን ሰርቨር አጥፍቶ የቀሩት መሸከማቸውን መፈተን። ያልተፈተነ መጠባበቂያ በወረቀት ላይ ያለ ተስፋ ነው።

በእጅ የሚደረግ ሙከራ

የሁለት ምርጫን ኃይል ለማየት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። 20 ስኒዎችን ደርድረን ከ1 እስከ 20 ቁጥር እንስጣቸው፤ በ20 ቁራጭ ወረቀቶችም ቁጥሮቹን ጽፈን በባርኔጣ እንጨምር። በመጀመሪያ አንድ ወረቀት እያወጣንና እየመለስን 20 የባቄላ ፍሬዎችን በወጣው ቁጥር ስኒ እንጨምር። አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የሞላው ስኒ 3 ወይም 4 ፍሬ ይዞ ይገኛል። በሁለተኛው ዙር ለእያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ወረቀቶችን አውጥተን ከሁለቱ ስኒዎች ባነሰው እንጨምር። አሁን ከፍተኛው ቁጥር ብዙውን ጊዜ 2 ነው። ሙከራውን ደጋግመው ውጤቱን በሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ሙከራ ስለ ዕድል ብዙ አይናገርም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ጭነት አከፋፋይ አዲስ አቅም አይፈጥርም። ያለውን አቅም በአግባቡ ያሰልፋል፤ የታመመውን ይለያል፤ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ከአፋፉ ርቀው እንዲቆዩ ይረዳል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ግን አስቀድሞ ትርፍ ቦታ ከተተወለት ብቻ ነው። ሰርቨሮች በ58 ከመቶ ጫና ሲሠሩ የቀረው 42 ከመቶ ሥራ የፈታ ሀብት ይመስላል። የበጀት ጥያቄ ሲነሳም መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። የወረፋ ሕግ ግን ያ ባዶ ቦታ ራሱ ሥራ ላይ እንዳለ ያስተምረናል፤ ሥራውም መጠበቅ ሳይሆን መጠባበቅ ነው። ነገ ይህን መሰል ሥርዓት የሚተክሉት የዛሬ ተማሪዎች ናቸውና ስሌቱን ከወዲሁ ቢለማመዱት መልካም ነው።